ጋሻ የተሰቀለበት ደጅ

ይህ የሆነው እኛ ሀገር አይደለም። እኛ ሀገር እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ካለም ስሙ ሌላ ነው። የሆነው በሁለት ወንዞች መሀል ባለች፣ ደንቧ ከሕዝቧ በሚበዛ ሀገር ነው። የዚያች ሀገር የመጀመሪያው ንጉሥ አንድ ሹም ደጃፍ ላይ አድጦት ወደቀና ጥርሱ ተሰበረ አሉ። በንዴት አዋጅ አስነገረ። «ሰው የወደቀበት ደጅ የወደቀውን ይካስ! ባለቤቱ የሚክስበት ቢያጣ ቤቱን ይልቀቅለት!» አለ። ንጉሡ ሞተ፤ የተረፉት ጥርሶቹም አብረውት ተቀበሩ፤ አዋጁ ግን ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሰውን ፈራ። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ከፊት ከፊቱ እየሄደ ጠጠር ይለቅም ጀመር። ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ዘመድ «ባሉበት ጤና ይስጥዎ» እየተባለ ከሩቅ ይሸኛል። ሰርጉም ተዝካሩም ሜዳ ላይ ሆነ። ጋሻ ቤት የተቋቋመው በዚህ ጊዜ ነው።

የጋሻ ቤት ነገር ሲነግሩት ደስ ይላል። እያንዳንዱ አባወራ መኸር ሲገባ ከእህሉ ለጋሻ ቤት ይሰፍራል፤ ጋሻ ቤትም ከእንጨት የተፈለፈለ ጋሻ ቀይ ቀለም ቀብቶ ከደጁ በላይ ይሰቅልለታል። ከዚያ በኋላ ደጁ ላይ የወደቀ ሰው ቢከሰው፣ የጋሻ ቤት ጋሻ ጃግሬ መጥቶ ከፊቱ ይቆምለታል፤ በእሱ ፈንታ ይከራከራል፤ ቢፈረድበትም ከጋሻ ቤት ጎተራ ይክስለታል። ትንሽ ጋሻ የሰቀለ ትንሽ ይከፈልለታል፣ ትልቅ የሰቀለ ትልቅ። ከጋሻው አልፎ የፈሰሰውን ቤቱ ይችለዋል።

የሚሰፈረው እህል የሚወሰነው በደጁ ስፋት ነበር። «ሰፊ ደጅ ብዙ ሰው ያስገባል፤ የገባ ሁሉ ደግሞ መውደቁ አይቀርም» ይላሉ የጋሻ ቤት ስንዝር ለኪዎች። ስለዚህ ሰዉ ደጁን ማጥበብ ያዘ። በጎን ካልሆነ የማይገባበት ቤት በዛ። ወፍራም ሰው ግብዣ የሚጠራው ጠፋ። ሙሽራ እንኳ እንደ ጣውላ ተጋድማ ነበር አሉ የምትገባው፤ ይቺን ግን ያጋነኗት ይመስለኛል።

ደብሪቱ በዚያች ሀገር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በዚህ ዓለም ያላት ከአንዲት ጊደር ሌላ ያ ቤቷ ብቻ ነው። ከባሏ ጋር ድንጋዩን ከወንዝ ተሸክመው፣ ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው የሠሩት ነው፤ የባሏም አስከሬን የወጣው ከዚያው ቤት ነው። ስለዚህ ለጋሻ ቤት አንድም መኸር ሳታጓድል ትሰፍር ነበር። እሷ ጠግባ ባልበላችበት ዓመት እንኳ ጋሻ ቤት ጠግቧል።

ጎረቤቷ አንጓች ትባላለች። ጌሾ በጀርባዋ አዝላ ከገበያ ገበያ የምትዞር፣ ምላሷ እንደምትሸጠው ጌሾ መረር ያለ፣ ሆዷ ግን የዋህ የሆነ ሴት ናት። የምታድረው የደብሪቱን አጥር በተጠጋች አንዲት ደሳሳ ጎጆ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የቅንጭብ አጥር ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን እሳትና ወንፊት ሲቀባበሉበት መሀሉ ተበስቷል። ጠዋት ጠዋት ቀድማ የተነሳችው ሌላዋን በስም ትጠራለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለእነሱ የተነገረ ይመስል ነበር።

ከደብሪቱ ደጅ ፊት ለፊት የክረምት ውሃ የሚወርድበት ጥልቅ ቦይ አለ፤ በላዩም መሻገሪያ ሳንቃ ተጋድሟል። ሳንቃው ከሥር በስብሶ ነበር። ደብሪቱ ታውቃለች። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ በጣቷ ስትነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈርፍሯል። «ላስቀይረው ነው» እያለች ዛሬ ነገ ስትል ቆየች። እሷ ዳር ዳሩን እየረገጠች ትሻገር ነበር። ለአንጓች ግን አልነገረቻትም። ክፋት አልነበረም፤ አንጓችን ከራሷ ለይታ ስለማታያት እሷ የምታውቀውን ሁሉ የምታውቅ ይመስላት ነበር።

አንድ ረፋድ አንጓች የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ፣ ጌሾዋን እንዳዘለች፣ በሳንቃው መሀል መሀል መጣች። ሳንቃው ተሰበረ። ደብሪቱ ጩኸት ሰምታ ስትወጣ አንጓች ቦዩ ውስጥ ወድቃለች፤ ቅልጥሟ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። «እኔን! እኔን ይስበረኝ!» እያለች ልትወርድ ስትል ሰፈርተኛው ተንጋግቶ ደረሰና ክንዷን ያዛት።

«ጋሻሽን አስቢ!» አሏት። «ደብሪቱ፣ ጋሻሽን!»

የጋሻ ቤት ደንብ እንዲህ ነው፦ ደጁ ላይ ሰው የወደቀበት ባለቤት ከሁሉ አስቀድሞ ሮጦ ለጋሻ ቤት ይነግራል። የወደቀውን ሰው ቀድሞ ያነሳ እንደሆነ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል፤ ያመነ ደግሞ ጋሻው ይወርድበታል። ደብሪቱ ቀና ብላ ቤቷን አየች። ከዚያ ሮጠች። የሮጠችው ግን ወደ ጋሻ ቤት ነው። አንጓች ከቦዩ ቀና ስትል ያየችው የጎረቤቷን ጀርባ ነበር። እሷን ያነሷት መንገደኞች ናቸው፤ መንገደኛ ደጅ የለው፣ ምን ያስፈራዋል?

ለደብሪቱ የተመደበላት ጋሻ ጃግሬ አጋፋሪ ልሳኑ ይባላል። ጺሙ ደረቱ ላይ የተኛ፣ ድምፁ የተሞረደ ሰው ነው። ስለ ሌሎች ሲናገር የኖረ በመሆኑ የራሱን ስም የሚጠራው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ደብሪቱ እኔ ነኝ» አላት። «እርስዎ ፍርዱ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አይደሉም። አይናገሩም፣ አይጠይቋትም፣ ምግብ አይልኩላትም።»

«እንዴት ጌታዬ፣ የታመመ ሰው ላልጠይቅ?»

«ጥየቃ ጸጸት ነው። ጸጸት ማመን ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ወይዘሮ ደብሪቱ።»

«የሷስ የእግር ወለምታ?»

ልሳኑ ይህን አልሰማም፤ አለመስማት ዋናው ሙያው ነበር። እንዳትሳሳት ብሎ አንድ አፍ ጠባቂ ላከባት። ጓንጉል ይባላል፤ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ ልቡ ያልከፋ ሰው። ሥራው ከቅንጭቡ አጥር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ደብሪቱ ወደ አንጓች በኩል ቃል እንዳታሻግር መጠበቅ ነው። የሚበላው ከደብሪቱ መሶብ ነው፤ ደንቡ ያዛል።

ማግስቱን ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ። «ደብሪቱ! ደህና አደርሽ?» ደብሪቱ አፏን ከፈተች። ጓንጉል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ በሌላው እጁ ወደ ጋሻው አመለከታት። አፏን ዘጋች። «ደብሪቱ!» አለ ድምፁ ደግሞ። ደብሪቱ ወደ ቤት ገባች፤ ወጣች፤ ተመልሳ ገባች። የያዘችውን ሰፌድ የት እንዳኖረችው ጠፋትና እዚያው እጇ ላይ አገኘችው። በሚቀጥለውም ጠዋት አንጓች ተጣራች። በሚቀጥለውም። አንድ ጠዋት ግን ድምፁ ቀረ። ደብሪቱን የባሰ የበላት ይህ ነው። ሲጣሩ ዝም ማለት ይከብዳል፤ ጥሪው ራሱ ሲቀር ግን ምኑን ተቋቁመው ዝም ይሏል?

ከዚያ ልሳኑ መጣና «ተከስሻለሁ!» አላት በደስታ። እሷንም ራሱንም እየሆነ መናገር ስለለመደ ግሡ ይምታታበት ነበር።

«ማን ከሰሰኝ?»

«አንጓች ናታ!»

ደብሪቱ ደሟ ፈላ። «አንጓች? እኔን? ከአንድ ገበታ የበላችው?» አለችና ወደ አጥሩ ልትሄድ ስትል ጓንጉል ከበርጩማው ተነሳ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡን የሚያስረዳት ሰው ሆነ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ምን ታድርግ? ከወንዝ ማዶ ያለው ወጌሻ ጊደር ካልተነዳለት አይመጣም። እሷ ደግሞ ጊደር የላትም። የጋሻ ቤት ጎተራ የሚከፈተው በፍርድ ብቻ ነው። ጋሻ ቤት ደግሞ አይከሰስም፤ የሚከሰሰው ጋሻው የተሰቀለበት ደጅ ነው። አንቺን ሳትከስ ከጎተራው አንዲት ፍሬ አታገኝም።»

ደብሪቱ ንዴቷ እንደ አረፋ ወረደ። ወደ ልሳኑ ዞረች። «እንግዲያ ክፈሏታ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰፈርኩት ለዚህ አይደል?»

«የሰፈሩት እንድንከላከልልዎ ነው» አለ ልሳኑ። «መጀመሪያ እንሟገታለን።»

«ብታሸንፉ አንጓች ምን ታገኛለች?»

«ምንም።»

«ብትሸነፉስ?»

«ወጌሻ።»

«እንግዲያ ተሸነፉልኝ!»

ልሳኑ ሳቀ። የልቡን ነበር የሳቀው፤ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ደብሪቱ ተሸንፋ አታውቅም» አለ፣ ጺሙን እየዳበሰ። ስለ ራሱ ነበር የሚያወራው።

«በገዛ ጊደሬስ? ከበረቴ አውጥቼ ብሰጣት?»

«ሳይፈረድ በገዛ እጅ መስጠት ማመን ነው። ጋሻው ይወርዳል፤ ጋሻው ሲወርድ ካሳውን በአንዲት ጊደር አይወጡትም፤ አዋጁ ቤቱን ይወስዳል። ምርጫው የርስዎ ነው» ብሎ ሄደ።

ምርጫ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ደብሪቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጭ ብድግ ሆነ ኑሮዋ። ጊደሯን ትፈታታለች፤ እስከ ደጁ ትስባታለች፤ ቀና ብላ ቤቱን ታያለች፤ መልሳ ታስራታለች። ጊደሯ ራሷ ግራ ገባት። ከአጥሩ ማዶ አንጓች ስታቃስት ጆሮዋን ትይዛለች፤ ዝም ስትል ደግሞ «ሞተች ይሆን?» ብላ ትደነግጣለች። «ጎረቤቴን እየገደልኩ ነው» ትላለች ለጓንጉል። «ቤትሽን እያተረፍሽ ነው» ይላታል እሱ፣ እየጎረሰ። ውሎ አድሮ ግን ጉርሻውን መልሶ መሶቡ ላይ ያኖር ጀመር።

ፍርዱም አልደርስ አለ። በዚያች ሀገር ችሎት የሚቆመው ሰው በወደቀበት ቦታ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቦታው አይነካም። ሳንቃው እንደተሰበረ ቦዩ ውስጥ ቀረ፤ ሰዉም ቦዩን እየዘለለ ይሻገር ነበር። መጀመሪያ ዳኛው ታመሙ ተባለ። ቀጥሎ ቦዩ ውሃ ሞላ። ቀጥሎ ልሳኑ ሳንቃው በሦስት አናጢዎች ይታይልኝ አለ፤ ሁለቱ አናጢዎች በሥራ ተጣልተው ስለማይነጋገሩ እስኪታረቁ ተጠበቀ። አጥንት ግን ቀጠሮ አያውቅም። አንድ ቀን ጓንጉል ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እትዬ፣ እግሯ ጠሞ ያዘ አሉ» አላት።

በመጨረሻ ዳኛው ከነወንበራቸው ሰው ተሸክሟቸው መጡና ከቦዩ ዳር ተቀመጡ። አንጓችንም በቃሬዛ አምጥተው ከቦዩ ማዶ፣ በመንገዱ በኩል፣ ሣሩ ላይ አኖሯት። ከስታለች። ደብሪቱ ከጋሻዋ ሥር፣ ከጓንጉል ጎን ቆመች፤ ልታያት ሞከረችና ዓይኗ እምቢ አላት።

«እኔ ደብሪቱ» ሲል ጀመረ ያ ጺማም ሰውዬ፣ «ይህችን ሴት ወደ ቤቴ አልጠራኋትም። አንጓች፣ ጠርቼሽ ነው የመጣሽው?»

«ጎረቤት ይጠራል እንዴ?» አለች አንጓች።

«ሰማችሁ? አልጠራኋትም! ባዶ ጀርባሽንስ ነበርሽ?»

«ጌሾ አዝዬ ነበር። ጌሾ ነጋዴ ምን አዝላ ትምጣ፣ ወርቅ?»

ሰዉ ሊስቅ አለና ወደየጋሻው አይቶ ዝም አለ። ልሳኑ ግን እጁን አጨበጨበ። «ሳንቃ የተሠራው ሰውን ለማሻገር ነው፤ ሰውን ከነጌሾው አላለም። ስለዚህ ዳኛዬ ሆይ፣ ሳንቃው አልሰበራትም፤ እሷ ናት ሳንቃውን የሰበረችው። እንዲያውም እኔ ደብሪቱ የሳንቃዬን ካሳ እጠይቃለሁ!»

ሰው ሁሉ አንጓች ያን ምላሷን ትመዛለች ብሎ ጠበቀ። አልመዘዘችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እውነተኛይቱ ደብሪቱ ዞር አለችና በቀስታ «ይሁን» አለቻት። «ጌሾው ሲሸጥ ሳንቃሽን አስተካክልልሻለሁ።»

በሽሙጥ ያለችው ቢሆን ደብሪቱ ትችለው ነበር። ከልቧ ነበር ያለችው። ደብሪቱ ውስጧ የታሰረ ነገር ሁሉ ተበጠሰ።

«ደብሪቱ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ጓንጉል አፏን ሊይዝ እጁን ሲሰነዝር መታ አወረደችው። «እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ! ሳንቃው በስብሶ ነበር። አውቅ ነበር። በገዛ ጣቴ ነክቼዋለሁ። እኔ ዳር ዳሩን እረግጥ ነበር፤ ለሷ አልነገርኳትም። ስትወድቅም ትቻት ሮጥኩ። ጠራኋት አልጠራኋት ብሎ ነገር ምንድን ነው? እሷ የኔ ቤት ሰው ናት!»

ልሳኑ አልተቆጣም፤ ልብሱን አራገፈና ከደብሪቱ አንድ እርምጃ ራቅ አለ። «ይህችን ሴት አላውቃትም» አለ። «ዳኛዬ ሆይ፣ መበስበሱን ካወቀች ሰው እንዲወድቅ ፈቅዳለች። ለተፈቀደ ውድቀት ጋሻ የለም። ደግሞም ሰምታችኋል፣ የወደቀችው የቤቷ ሰው ናት፤ ለቤት ሰው ውድቀት ከመጀመሪያውም ጋሻ አልነበረም።»

ዳኛው አዋጁን አነበነቡት፤ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ጎተራው አይከፈትም። ቤቱ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአንጓች ሆነ። ሁለት ሰዎች መሰላል አቁመው ጋሻውን ከደጁ አወረዱት። ደብሪቱ ሲወርድ አየችው። ታለቅሳለች ተብሎ ሲጠበቅ፣ እሷ ግን በረጅሙ ተነፈሰች።

ዳኛው እንደሄዱ ልሳኑ ቦዩን ዘሎ ወደ ቃሬዛው ጎንበስ አለ፤ ድምፁ ማር ሆነ። «እሜቴ አንጓች፣ እንኳን ደስ አለዎ! እንግዲህ ባለ ደጅ ሆነዋል። ጋሻው ትንሽ ይሁን መካከለኛ? አሁኑኑ ይሰቀላል።»

አንጓች የምታየው ደብሪቱን ነበር። «እኔ የከሰስኩሽ ለወጌሻው ብዬ ነው» አለቻት። «ግን ከመክሰሴ በፊት ስንት ጠዋት ጠራሁሽ። አንዱን ቀን እንኳ አቤት ብትዪኝ ኖሮ፣ እግሬም ቅልጥሜም ገደል ይግባ ብዬ እተወው ነበር።»

«እሰማሽ ነበር፣ እቴ» አለች ደብሪቱ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

«መስማትሽንማ አውቃለሁ። የሰበረኝ እሱ ነው።»

ደብሪቱ ቦዩን ዘልላ መጣችና ሣሩ ላይ ከቃሬዛው ጎን ቁጢጥ አለች፣ የጠመመውን እግር አየችው፣ ነካችው። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። ጊደሯ ከበረት ሆና ትጮኻለች፤ አሁንማ ትነዳ ብትባልም ወጌሻው ምን ያቀናል?

«እሜቴ» አለ ልሳኑ፣ ትዕግሥቱ እያለቀ። «ጋሻውን ከመስቀላችን በፊት አንድ ምክር ልስጥዎ። ይህች ሴት ቤት የላትም። ግቢዎ ውስጥ ከቆየች እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ ይወድቃል። ዛሬውኑ ቢያሰናብቷት ይሻላል። ብዙም አያዋሯት።»

«ጋሻችሁን ከሰቀልኩ ከሷ ጋር አላወራም ማለት ነው?»

«ለርስዎ ደህንነት ነው።»

«እንግዲያ ይዘኸው ሂድ።»

«ጋሻ የሌለው ደጅ!» አለ ልሳኑ፣ በእውነት ደንግጦ። «ነገ የመጀመሪያው የወደቀ ሰው ይህን ቤት ይወስደዋል እኮ!»

«ይውሰደዋ!» አለች አንጓች። «እኔስ ያገኘሁት ወድቄ አይደል?»

ሰው ሳቀ። ብዙም አልሳቀም፤ ሳቁን ግን ማንም አልከለከለውም። አንጓች ክንዷን ዘረጋች። ደብሪቱ ተነሳች፤ ጀርባዋን ሰጠቻት፤ አዘለቻት። ሳንቃ ስለሌለ ወደ ቦዩ ወረደች፤ ውሃው እስከ ጉልበቷ ደረሰ፤ ጭቃው እግሯን ያዳልጣት ጀመር። መሀል ላይ ስትደርስ ቆመችና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንጓች፣ ይቅር በዪኝ» አለች። በዚያች ሀገር ይህ ቃል በደጅ ጮክ ተብሎ ከተሰማ ዘመን አልፎታል። ሰዉ በድንጋጤ ቀና እያለ የየራሱን ጋሻ አየ።

«አሁን እንዳትጥዪኝ ብቻ» አለች አንጓች ከጀርባዋ ላይ። «እሱን ስንገባ እንነጋገርበታለን።»

በደጁ በኩል ያለው ዳር ከፍ ያለ ነበር፤ ደብሪቱ አንድ እግሯን ብታነሳ ሌላው ይከዳታል። ጓንጉል ከላይ ቆሞ እጁን ዘረጋላት። ወደ ልሳኑ አየና ሰበሰበው። ደግሞ ዘረጋ። እኔ እስከዚህ ነው የሰማሁት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ካለ እሱ ይቀጥልበት።